ማሽኑ ያነበበልኝ መልእክት

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.

ለጥንቱ ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እናትህ እትዬ ወለተ ሐዋርያትስ እግራቸው ተሻላቸው? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አካሌ ደኅና ነው።

ኮሌጅ ሳለን መጽሐፉን በካሴት እየቀዳህ ታስጠናኝ ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር አለኝ። እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ የእኛ ፊደል ሲመጣ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ በፖስታ የምትልክልኝን የሚያነብልኝ ወንድሜ አበረ ነበር። አምና በመጨረሻው ደብዳቤህ ትዳር እንደያዝክ አነበበልኝ። ደስ ይበለው አልኩ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት አበረ ኮምፒውተሬን ተውሶ ኢሜይሉን ሳይዘጋ አምበር ገበያ ሄደ። ስከፍተው ማሽኑ ማንበብ ጀመረ። አማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ። በፈረንጅ አፉ እየተኮላተፈ፣ እህቴ አግብታለች፣ እባክህ አትምጣ አለ። ከሥሩ አንተ ለአበረ የጻፍክለት ጥያቄ ነበር፤ ለፋሲካ ሽማግሌ ልላክ ወይ የሚል። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ሲመለስ ጠየቅኩት። አልካደም፤ የትዳርህንም ወሬ ከራሱ እንደፈጠረው ነገረኝ። ነገ ሰልችቶት ጥሎሽ ከሚሄድ እኔው ብበድልሽ ይሻላል ብሎ አለቀሰ።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ እንደ ሁልጊዜው ክንዱን ሰጠኝ፤ ያዝኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝም የሚመልሰኝም እሱ ነው። ነጭ በትሬን፣ እኔ እያለሁ ምን ያደርግልሻል ብሎ የት እንዳኖረው አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ሚስቱ ሽታዬ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች፤ መኪና እንዳይገጨኝ አስባ ነው።

ይህን፣ አድራሻህን ከዚያው ኢሜይል ይዤ፣ የምጽፍልህ ከመምህራን ክፍል፣ በሰው መሀል ተቀምጬ ነው። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያነብ ማንም አይሰማኝም። እኔም የጻፍኩትን መልሼ አልሰማውም፤ ስህተቱን አቃንተህ አንብብ።

በአበረ ላይ ቂም አትያዝ። እኔም አትምጣ ልልህ ነበር። ብቻ ሐሙስ ሐሙስ ለሥራ ደብረ ኤልያስ ይሄዳል፤ መጥቶ እስኪወስደኝ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ከመናኸሪያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው ይላሉ።

አምላክ ጤናውን ያብዛልህ፤ የምትሄድበትን መንገድ ሁሉ ያቅናልህ።

የኮሌጅ ጓደኛህ