አሥራ ሁለት በሬዎች ጎትተው ስላመጡት ትራክተር

ለተከበሩ የ«አዝመራ ብሥራት» ገበሬዎች ማኅበር የንብረት ክፍል ኃላፊ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከትራክተሩ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ማኅበሩ ለቀበሌያችን የሰጠው ይህ ትራክተር የኋላ ጎማዎቹ ጥርሳቸው ካለቀ ሁለት ክረምት ሆኗቸዋል፤ ጭቃ ሲነኩ ባሉበት ከመሽከርከር በቀር የሚያውቁት ሥራ የለም። ቸርኬውንም ዝገት ስለበላው በቀዳዳው ማዶ የጎረቤቴን የአለኸኝን ቤት ማየት ይቻላል። እኔ ደግሞ አምና በስብሰባ ላይ የበሬ ዘመን አልፏል ብለው ስለመከሩን ሁለቱንም በሬዎቼን ሸጫለሁ። ባለቤቴ አስቻለች ተው ብላኝ ነበር፤ እሷ ግን እንደ እርስዎ ማይክራፎን አልነበራትም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አዲስ ጎማ ስጠይቅ አሮጌው ሳይመለስ እንደማይሰጥ፣ አሮጌውን ልፍታ ስል ኮሚቴ ሳያየው መፍታት ክልክል እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ወደ እኛ እንደማይመጣ ሳይሰለቹ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ቸርኬው እንዲበየድልን ስናመለክት ቀይ ቀለም ስለላኩልን። ዝገቱ በጣም አምሮበታል።

3ኛ. ትራክተሩን ራሴ እንዳመጣው ስላዘዙኝ ጎረቤቶቼን ወንፈል ጠየቅሁ። ለእርሻና ለአጨዳ እንጂ ለትራክተር ወንፈል የጠራ ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሙሐሲን ቢስሚላህ ብሎ፣ አለኸኝም አማትቦ፣ ሌሎቹም ተከትለው ስድስት ጥማድ በሬ አወጡልኝ፤ በሰንሰለት እየጎተቱም በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ ከተማ አስገቡት። ለሙሐሲን የሸጥሁለት ቦራ በሬዬ ከፊት ሆኖ ሲጎትት አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አፈርሁ።

4ኛ. ከሁሉም በላይ፣ ኮሚቴዎ ከበረንዳ ሳይወርድ ትራክተሩን ተመልክቶ፣ ከገጠር ድረስ ተጉዞ መምጣት በመቻሉ ጎማዎቹ ገና አገልግሎት እንደሚሰጡ በሙሉ ድምፅ ስለወሰነ ምስጋና ያጥረኛል። ከፊት ለፊቱ የቆሙትን አሥራ ሁለት በሬዎች ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አላገኘኋቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ሐምሌ እየተጋመሰ ነው፤ ማሳዬ አልታረሰም። ሌላ ወንፈል እንዳልጠይቅ የሰው በሬ ውለታ የሚመለሰው በበሬ ነው፤ እኔ ደግሞ የለኝም። በዚህ በአሥር ቀን ውስጥ ስንዴዬን ካልዘራሁ ለከርሞ ለልጆቼ የማቀርበው ያንኑ ቃለ ጉባኤ ይሆናል።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከበረንዳዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ፈንታሁን አምባቸው
የሁለት በሬዎች የቀድሞ ባለቤት

ጭማሪ፦ በሬዎቹ ወደየእርሻቸው ስለተመለሱ ትራክተሩ የቆመው በቢሮዎ በር ላይ ነው። መኪናዎ መውጫ እንዳጣች ሰምቼ አዝኛለሁ። እንዲነሳልዎ ከፈለጉ ማመልከቻዎን በሦስት ኮፒ ይላኩልን፤ የባለ በሬዎቹ ኮሚቴ በደስታ ይመለከተዋል። ሆኖም መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ወደ እርስዎ መምጣት አንችልም፤ መውጣት ያቃታትን መኪና ይዘው እኛ ዘንድ ይቅረቡ።