ስለ አባቴ «ቀ» ለከተማ ገጽታ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ከበርዎ በላይ የተሰቀለው አዲሱ ሰሌዳም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የታክሲ ማዞሪያው ታፔላ ጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ጎማ ጠጋኙ ያለውን ታፔላ ሁሉ ሠላሳ አንድ ዓመት በብሩሽ ሲጽፍ ኖሯል። ማዕዘን ያለው ፊደል ዝናብ ሲመታው ከማዕዘኑ ይላጣል እያለ ፊደሎቹን ወፍራም፣ ድፍንና ጠርዘ ክብ ያደርጋቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ስማቸው «የጠገቡት» ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትሑት ባለሙያ ካሜራ አስይዛችሁ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። አባቴ መሰላሉን ደግፎ፣ ፀሐዩን በጃኬቱ እየከለለ ታፔላዎቹን ሁሉ ፎቶ አስነሳው። ቤት ሲገባ «ሥራዬን ሊያስቀምጡልኝ ነው» አለኝ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ራቱን የበላው ቆሞ ነው።

፪. ከፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር የገለበጣችሁትን ፊደሉን «የከተማው ወጥ ፊደል» ብላችሁ ስታስመርቁ ምንም ስላላበላሻችሁበት አመሰግናለሁ። አባቴ ከመሰላል ወድቆ የተሰበረ የእጁ አንጓ ጠማማ ሆኖ ስለዳነ የ«ቀ» ክብ ሁልጊዜ ወደ ግራ ትገፋበት ነበር። መጽሔታችሁ ይህችን «ሆን ተብላ የተነደፈች ሕያውነት» ይላታል። ስብራቱን እንዲህ በአክብሮት የገለጸለት ሐኪም አልገጠመውም።

፫. በእጅ የተጻፉ ታፔላዎች «ከወጥ ፊደሉ ጋር ስለማይጣጣሙ» በአሥር ቀን ይነሡ ብላችሁ ስትለጥፉ አባቴ የጎማ ጠጋኙን ታፔላ ተሸክሞ ቢሯችሁ መጣ። መስኮት አምስት ላይ ያለችው ልጅ ታፔላውን ከግድግዳችሁ ሰሌዳ ጋር አስተያይታ፣ በቅን ልቦና «አባባ፣ ጎበዝ ነዎት፤ የኛን በደንብ አስመስለውታል» አለችው። አልተቀየምናትም። አባቴ ታፔላውን ተሸክሞ ተመለሰና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው። «ምን አሉህ?» ስለው «ጎበዝ ነህ አሉኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም።

፬. የቀሩትን ታፔላዎች በጭነት መኪና ስትወስዱ ሠራተኞቻችሁ ስላልቸኮሉ አመሰግናለሁ፤ አባቴ ደጅ ቆሞ አንድ በአንድ እያነበበ ሊሸኛቸው ችሏል። በአራተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለች። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው ብሏል፤ ስለዚህ እናንተ በምንም አትጠየቁም። ፋይላችሁ የተሟላ እንዲሆን ይህንንም በጽሑፍ አረጋግጥልዎታለሁ።

ለከተማችን መልክ ስትሉ የምትደክሙትን ድካም በማሰብ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የታፔላ ጸሐፊው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የመቃብር ድንጋይ ቀራጩን ከሁሉ የሚያምረው ፊደል የቱ እንደሆነ ብጠይቀው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የናንተን አሳየኝ፤ የአባቴን ስም በዚያው አስቀረጽኩ። መመሪያችሁ በፊደሉ ያለ ፈቃድ መጠቀም እንደሚያስቀጣ ስለሚደነግግ፣ አንድ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ጽሑፍ እንዲያሳርፍ የሚፈቅድ ቅጽ ካላችሁ እባክዎ ይላኩልኝ፤ እሱ ስለማይችል እኔ እፈርምለታለሁ።