ሽማግሌ የተላከበት ታንከር

ኅዳር 1፣ ሰኞ
ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ አልገለጥ አለ። ሾፌሩ በግምት ነዳው። መርየም ኮምቦልቻ እስክንደርስ ስታወራ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እኔ በምሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ናት። እኔ መሐንዲስ፣ እሷ አሻጊ። ሚኒባሱ ግን አንድ ነው።

ከሥራ በኋላ ደሴ ፒያሳ፣ የኬሚካል መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ። የቅርንጫፉ ፀሐፊ እኔ ነኝ። አጀንዳው? የአባላችን የሙንዚር እናት ለቅሶ። ማን በማን መኪና ይሂድ... አለቀ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል (ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ናቸው) ስለ ሙያ ክብር ትንሽ ተናገሩ።

ቤት ስገባ አባየ ሳቁብኝ። «ታዲያ ይሄ ከእኛ ቅሬ፣ ከሰፈሩ ዕድር፣ በምን ይለያል? ቅሬ እንኳ ይቀጣል። የእናንተው ማንን ይቀጣል?»


ኅዳር 4
የአሲዱን ታንከር ለካሁ። ታች በኩል ብረቱ ሳስቷል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው። ቦታ ቀየርኩ... ባሰ።

ሥራ አስኪያጁ ወንድምአገኘሁ ጋ ገባሁ። ይራገፍና ይቀየር አልኩት።
«በየትኛው ዶላር?»
«ሰው ላይ ቢፈስስ?»
«ስንት ዘመን ያልፈሰሰ፣ ዘንድሮ አንቺን አይቶ ይፈሳል?»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ያለዚያ ታንከር ፋብሪካው አይሠራም። ኢንሹራንሱ ደግሞ «ታንከሩ ደህና ነው» የሚል የመሐንዲስ ፊርማ ካላየ አይታደስም። ፈራሚዋ እኔ ነኝ። በወሩ መጨረሻ ይፈልገዋል።

ኅዳር 5
ጋሽ ኃይለ ሚካኤልን ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ማኅበሩ ከኋላዬ ይቁምልኝ።»
ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።
«ልጄ፣ ማኅበራችን ጥርስ የለውም። ድድ ነው። ደግሞ ፋብሪካው ቢዘጋ ስንት ጓዳ ይዘጋል?»
እሱን እኔም አላጣሁትም። መርየም እኮ ደመወዟን ለእናቷ ነው የምታስረክበው።

ኅዳር 9
አልፈረምኩም። ወሬው ግን ደሴ ደርሷል። «ቢልቂስ ፋብሪካውን ልታዘጋ ነው።» የመርየም እናት ሰላምታዬን በግማሽ አፍ መለሱ። መርየም ዛሬ ፊት ወንበር ሄዳ ተቀመጠች።

ብፈርም... ብረቱ። ባልፈርም... ሰፈሩ። በየት ይወጣል?

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሰፈራችን ሼህ ሚስባህ፣ አንድ ቄስ... ከኋላቸው ጋሽ ኃይለ ሚካኤል! አንገታቸውን ደፍተው። ወንድምአገኘሁ ሽማግሌ ልኮብኝ ነው። ለታንከር ሽምግልና! ታንከሩ ከማን ተጣላና?

አባየ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። አልተቀመጡም።
«ልጅቱ እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ሼሁ። «የሰው እንጀራ ነው፣ ልጄ። አላህ ይወድልሻል፤ እርቅ ኸይር ነው።»
እሺ አላልኩም። እነሱም ቆሙ። አባየ ወለሉን ያያሉ። ሼሁ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይቀያይራሉ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። አላስቻለኝም።
«ኧረ ይቀመጡ፣ ሼህ ሚስባህ፣ በአላህ ይቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ። ወዲያው ምርቃት። ቄሱም መረቁ። አባየ አሚን አሉ። እኔም... አሚን።

ኅዳር 13
ያልኩት «ይቀመጡ» ነው። እፈርማለሁ አላልኩም። ግን የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፣ ሽማግሌ አስቀምጣ፣ ተመርቃ፣ አሚን ብላ... እሺ ካላለች ምን አለች ይባላል?

አባየን ጠየቅኋቸው። «የሽማግሌ ምርቃት የሚያፈርስ አይበጀውም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ታንከሩ ግን እውነት ያሰጋል?» አሉኝ። ያሰጋል አልኩ። መቁጠሪያቸውን ያዙ።

ኅዳር 15
ወንድምአገኘሁ ተነስቶ ጨበጠኝ። «ትልቅ ሰው ማክበር እንዲህ ነው!» እስክሪብቶውን ራሱ ከፈተልኝ። ያዝኩት። እጄ አልሄደም። ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ውሸትም አይደለም።

ኅዳር 18
ሙንዚር ደወለ።
«ወንድምአገኘሁ አንቺ ብትለግሚ እኔ እንድፈርም ጠየቀኝ።»
«ምን አልከው?»
«ላስብበት አልኩት... ወላሂ ቢልቂስ፣ ሥራ ከፈታሁ ከረምኩ።»
አልተቆጣሁትም። እኔ ሳመነታ እሱን በምን አፌ? ግን ሌሎቹን አባላትስ ጠይቋል? ስልኩን እንደዘጋሁ ለእሁድ ስብሰባ ጠራሁ።

ኅዳር 21፣ እሁድ
ሁሉም መጡ። ለቅሶ ሳይኖር ሲሞሉ የመጀመሪያ ነው።
«እኔ ባልፈርም ከእናንተ ማን ይፈርማል?» አልኩ።
ነፃነት፣ የጨርቃ ጨርቋ መሐንዲስ፣ እጇን አወጣች። «እኔንም ጠይቆኛል።» ከጥግም «እኔንም» ተባለ። ወንድምአገኘሁ በየተራ አዳርሶናል። እያንዳንዱ የተጠየቀው እሱ ብቻ መስሎት!

ድፍረቱ ከየት መጣልኝ... የአባየን ነገር አነሳሁ። ቅሬ ያገለለውን ሰው እሳት የሚያጭረው የለም። እኛስ? አንዱ ለክቶ እምቢ ያለውን ሌላው ሳይለካ ላይፈርም፣ ለክቶም ያገኘውን ላይደብቅ እንማማል። ያፈረሰ ከማኅበሩ ይውጣ፤ ለምን እንደወጣም ለየፋብሪካው ይነገር። ሙንዚር ቀድሞ እጁን አወጣ። እሱን ሳይ አለቀስኩ።

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ብቻ አላወጡም። «እኔ ሳላይ መርቄያለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ልየው።»

ኅዳር 24
አዩት። በእጃቸው ለኩት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «አይፈረምም» አሉ፤ ለወንድምአገኘሁም ፊት ለፊት ነገሩት።

ከዚያ ይዘውኝ ሼህ ሚስባህ ቤት ሄዱ። ሼሁ ሰምተው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።
«ያ ረቢ! አሲድ መሆኑን ማን ነገረን? አለቃዋን አኩርፋ ሥራ ልታስቆም ነው ተባልን እንጂ!» ጋሽ ኃይለ ሚካኤልን አዩዋቸው። «እርስዎ ያውቁ የለ?»
«አውቅ ነበር» አሉ መምህሬ። 
ሼሁ እንደገና መረቁኝ። ይሄኛውን አሚን ከሆዴ አልኩት።

ኅዳር 30
ታንከሩ ትናንት ተራገፈ። ወንድምአገኘሁ እንዲፈርምለት ከአዲስ አበባ የጠራው መሐንዲስ መጀመሪያ ለጋሽ ኃይለ ሚካኤል ደውሎ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ሳይመጣ ቀረ። ፋብሪካው ተዘግቷል። ሲከፈት በቦታዬ እንደማያገኘኝ ወንድምአገኘሁ ነግሮኛል። ይሁን። ሌሊት ግን እንቅልፍ ወስዶኛል።

ከሰዓት መርየም መጣች። ስለ ደመወዝ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።
«እታለም፣ ታንከሩ መሳሳቱን መቼ አወቅሽ?»
«ወሩ ሲገባ።»
«ለማን ነገርሽ?»
ለሥራ አስኪያጁ። ለጋሽ ኃይለ ሚካኤል። ለአባየ። ለማኅበሩ። ለሼሁ... ስዘረዝርላት ድምፄ እየወረደ ሄደ።
«እኛ ምሳችንን እሱ ጥላ ሥር ነበር የምንበላው» አለች። «እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ።»
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
«አብረን ነበር የምንውለው እኮ፣ እታለም» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።