ሻኛው ያነሰው በሬ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ እብናት ከብት ገበያ ወርጄ አንድ ቀይ በሬ ስስል ዋልሁ። ሥዕሉ ያማረልኝ ስለመሰለኝ፣ በሬውን ለእርሻ ለገዙት የጋፋት ገበሬ ለአያ ሞላ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ በሬ አያርስም።»

«ምነው አባቴ?»

«ሻኛውን ምን በላው? ቀንበሩን ምን ሊይዘው ነው?»

አፈርሁ። ጀርባውን አሳምራለሁ ብዬ ሻኛውን አሳንሼዋለሁ። አያ ሞላ እጄን ይዘው በሬው ጫንቃ ላይ አሳረፉት። ከሻኛው ፊት ያለው ቆዳ፣ ቀንበር ፀጉሩን ጨርሶት እንደ ገበሬ መዳፍ ጠንክሯል። ስንት ዓመት በሬ ስስል ይህን አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ሌላ ሳልሁ።

«ይኸስ ቆሟል፤ መሄዱ ግን ይቀረዋል» አሉኝ አይተው።

ነገ ወደ አዲስ አበባ የምመለስበትን ትኬት ትቼዋለሁ። ሥዕሎቼን ለማሳይበት ኤግዚቢሽን የቀረኝ ሦስት ሳምንት ቢሆንም ይህን በሬ ሳላስኬደው አልመለስም። አያ ሞላ ሰኞ ጋፋት ያርሳሉ። ስንለያይ «እርፉን ራስህ ካልጨበጥህ አትስለውም» ብለውኛል።

እጨብጣለሁ።