የሮሳልባ አንጎል

መጋቢት 4

ሜዴዪን ከተማ ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ጠዋት ላብራቶሪ፣ ከሰዓት መግለጫ። ፕሮፌሰር ሊባርዶ አዲስ ከረባት አስሮ ለጋዜጠኞቹ፦ “ሌባውን ይዘነዋል!” ሌባው አንጎል ላይ እየተጋገረ ትዝታ የሚሰርቀው ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ ይጠርገዋል... እሺ፣ ይጥረገው። በሽተኛው ግን የልጁን ስም አስታወሰ ወይ? የጠየቀ የለም። ሁሉም ኬኩ ላይ ነበሩ።

“ሉስዳሪ፣ ፊትሽን ፍቺው እንጂ” አለኝ።

“ፈትቼው ነው። ይኸው ነው።”

መጋቢት 9

ሮሳልባ ሞተች። ገና ሃምሳ ዓመቷ። መድኃኒቱን ከሚወስዱት የመጀመሪያዋ ሟች። አእምሮዋ ሳይደክም፣ ስሞት አንጎሌን ወስዳችሁ መርምሩ ብላ ፈርማለች። ልናመጣት ተራራው ላይ ወዳለው መንደሯ ወጣን። ፕሮፌሰሩ አልመጣም፤ ጭቃ አይወድም።

ወንድሟ ዶን ኤቬሊዮ በሩ ላይ ገጀራ ይዞ ቆሟል። በዚህ ቤተሰብ አልዛይመር በዘር ይወርዳል፤ አርባዎቹ ውስጥ ይጀምራል። “ጅልነቱ” ይሉታል። ግማሾቹ ዛሬም እርግማን ነው ባዮች ናቸው። ስንት ዓመት አስተማርናቸው! ድንጋይ ላይ ውሃ...

“በሕይወት እያለች በመርፌ በሳችኋት። አሁን ደግሞ ልትፈልጧት ነው?”

“የፈቀደችው እሷ ናት፣ ዶን ኤቬሊዮ።”

“እኛስ ምን እናገኛለን?”

“እውነቱን።” አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።

ከት ብሎ ሳቀብኝ። “ከእናንተ?! እስቲ ይሁን... ይውሰዷት።”

ገበሬ ንቆኝ ሲያሳልፈኝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 10

አንጎሏን አውጥተን ሬሳዋን ለቀብር መለሱት። እኔ አልሄድኩም። ሥራ አለኝ አልኩ።

ሰኔ 2

የሮሳልባን አንጎል በማይክሮስኮፕ አየሁት። ደግሜ አየሁት። የተጋገረው ፕሮቲን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሴሎቹ ግን አልቀዋል። ሌላው ፕሮቲን፣ ሴሉ ውስጥ እንደ ክር የሚተበተበው፣ እንዳለ አለ። ሌባው ተይዟል፤ ቤቱ ግን ተቃጥሏል።

የአንድ ሰው አንጎል ነው፣ አውቃለሁ። ዘግይተን ጀምረንላት ይሆናል። ግን በዚህ ላይ ቆሞ “ዳናችሁ” ማለት...?

ሰኔ 5

ለፕሮፌሰሩ አሳየሁት።

“ግሩም! ሙልጭ አድርጎ ጠርጎታል!”

“ሴሎቹስ?”

“እሱ ሌላ የጥናት ጽሑፍ ነው።”

ሌላ ጽሑፍ! ሴትዮዋ ሞታ ሌላ ጽሑፍ ሆነች።

“ቅዳሜ ቤተሰቦቹን ስናገኝ ስለ ጽዳቱ ብቻ ነው የሚወራው። ተስፋቸውን አትግፈፊ።” ደግ ሰው ይሉታል። ደግነቱ ካሜራ ሲያይ ይነሳበታል።

ሰኔ 7

ልናገር? ብናገርስ ምን ሊለወጥ? እሱን ስንቀው ከርሜ ዝም ካልኩ እኔስ ከምኑ እሻላለሁ...

ሰኔ 8

የመንደሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ። ሕዝቡ ግጥም። ፕሮፌሰሩ፦ “ሌባውን ይዘነዋል!” ጭብጨባ። የኤቬሊዮ ልጅ ዩሊየት ተነሳች። እሷም መድኃኒቱን ትወስዳለች፤ ትዳር ይዛ ለመውለድ ስትፈራ የኖረች ናት።

“እንግዲህ መውለድ እችላለሁ ማለት ነው፣ ዶክተር?”

“ለምን አትችይም፣ ልጄ? ያ ዘመን አለፈ!”

ያ ዘመን አለፈ... እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

“የሮሳልባን አንጎል መርምሬዋለሁ። ቆሻሻው ተጠርጓል። እሷ ግን አልዳነችም። መድኃኒቱ ሌላ ሰው ይርዳ አይርዳ ገና አናውቅም።”

ከዚያ የዩሊየት ልቅሶ። አንዲት ሴትዮ፦ “ታዲያ ለምን መጣሽ? ይህን ልትነግሪን?” ያረፈብኝን ዓይን ሁሉ መቁጠር አልችልም። ኤቬሊዮ ልጁን ደግፎ ወጣ።

መኪና ውስጥ ፕሮፌሰሩ፦ “ከእንግዲህ ሙታኑን ያዢ። ሕያዋኑን ለእኔ ተዪ።”

“እሺ። እነሱ ቢያንስ አያጨበጭቡም።”

ጥቅምት 17

ኤቬሊዮ መጣ። ላብራቶሪው ድረስ፣ ከዩሊየት ጋር፣ የእሑድ ባርኔጣውን አድርጎ። ሰሞኑን ከገበያ ሲመለስ የገዛ ቤቱ መንገድ ጠፍቶበት አመሸ። ተመርምሯል።

“ጀምሮኛል፣ ዶክተር።”

“ፕሮፌሰሩን ልጥራልዎ?”

“አይ፣ እሱ ያጽናናኛል። እርስዎ ይንገሩኝ።”

ነገርኩት። የምናውቀውን፣ የማናውቀውን፣ የሚመጣውን። ዩሊየት ያንን የፕሮቲን ክር ይፈታል የተባለው አዲስ መድኃኒት ሙከራ ሲጀመር እገባለሁ አለች። “ላይሠራ ይችላል” አልኳት። “አውቃለሁ፣ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ካልሞከርነውስ ማን ይሞክረዋል?” ስለ መውለዱ አልጠየቅኋት።

እሱ ደግሞ አንጎሉን ሊሰጥ ነው የመጣው። ፈረመና፦ “ሚስቴ ጭንቅላትህ ባዶ ነው እያለች ታንገበግበኛለች። ከፍታችሁ አረጋግጡላት።”

ዩሊየት እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። እጄን ይዞ ነው መንገዱን የተሻገረው... እኔ ነኝ የያዝኩት ወይስ እሱ? በዚህ ሥራ ላይ አርጅቻለሁ። የአንድን ሰው አንጎል መቼም ባላየው ብዬ ስመኝ ዛሬ ገና ነው።