ራሷ የምትቆም መኪና

ማክሰኞ

ሸጥኳት! ሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ አቧራ ስትጠጣ የከረመችውን ነጯን ኤሌክትሪክ መኪና ለጋሽ ቶሎሳ ሸጥኳት። የላፍቶ የድሮ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ላይ ሕንፃ ሲበቅል እሳቸው የቀሩትን ላሞች ይዘው ወተት ያከፋፍላሉ። ዕድሜ ልካቸውን አሮጌ ፒካፕ ሲነዱ ኖረው ስክሪኑን ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ። “ፉል ነው?” አሉኝ። ፉል ነው፣ ምንም አይጎድላትም አልኳቸው። እዚህ አገር ትልቅ ስክሪን ካለውና ጣሪያው ከተከፈተ ሁሉም ፉል ነው፤ ማን ይመረምራል።

ለሙከራ ያስነዳኋቸው ግን ነጯን አይደለም። ለማሳያ የምናቆማትን ግራጫዋን፣ ከፍተኛውን ፓኬጅ ነው። ካርቶን ደረደርኩና ፍሬን ሳይነኩ እንዲሄዱበት ነገርኳቸው። መኪናዋ ራሷ ቀጥ ብላ ቆመች። እንደ ሕፃን ሳቁ።

ከዚያ መስኮቱን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስኳር አለባቸው፤ ቀኝ እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ፍሬኑን ይርገጡት አይርገጡት አይታወቃቸውም። ልጆቻቸው ቢሰሙ ቁልፉን ይቀሟቸዋል። “ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ፣ ልጄ” አሉ።

ነጯ ራሷ አትቆምም። ሰው ፊቷ ሲመጣ ትጮኻለች፣ በቃ። ከቀለማቸው በቀር መንትያ ናቸው፤ ስክሪናቸው ላይ ያለው የቻይና ጽሑፍ እንኳ አንድ ነው። ነጯ ትቆማለች የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እሳቸውም አልጠየቁም።

ረቡዕ

ወሰዷት። ሲወጡ ጥሩምባ ነፉልኝ።

ለአለቃዬ ለፍሬው ሽማግሌው መኪናዋ ራሷ የምትቆም መስሏቸዋል አልኩት። ውሉ ላይ ፈርመዋል አይደል አለኝ። ፈርመዋል። ውሉ ላይ የፓኬጁ ስም አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ነው፤ እኔም ካልተነገረኝ አላውቀውም። ስልካቸውን እንኳ ሰው ካልከፈተላቸው አያውቁበትም፣ መኪናዋ እንድታስብላቸው ይፈልጋሉ ብዬ ቀለድኩ። ፍሬው እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ

ጋሽ ቶሎሳ ደወሉ። ደስታቸው ከስልኩ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ለቡ መብራት ኃይል ጋ አህያ ገብቶባቸው እግራቸውን ሲያነሱ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ያዘች፤ “አየችው እኮ!” ይላሉ። ምን ታያለች? ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት መስጫውን ሲለቁት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የሁሉም ጠባይ ነው። አህያው ዕድለኛ ነበር።

እሁድ የመኪናዋ ምርቃት ነው፣ ብትቀሪ እቀየምሻለሁ አሉኝ። አማቶቻቸው ከሰበታ ይመጣሉ። ራሷ ስትቆም ሊያሳዩዋቸው ነው። ካርቶን ምን ያደርጋል፣ ሰው ነው የማቆመው አሉ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። “እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ” ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ

የሚያስደውለኝ፦ ሰው ሊሞት ይችላል።

የማያስደውለኝ፦ ፍሬው በዚያው ቀን ያባርረኛል። ሌላ መኪና አሳይቼ ሌላ መሸጤ ይወጣል። ምናልባት ይረሱታል። ምናልባት ዝናብ ይጥላል።

ሁለቴ ደውዬ ሳይነሳ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሱት። ባትሪው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደህና ነው አሉ፣ መረቁኝ። ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነኝ?

ቅዳሜ

ሥራ በዛ። አልደወልኩም። ሰበብ ነው፤ ሥራ አልበዛም።

እሁድ

ከምርቃቱ አሁን ተመለስኩ።

የሄድኩት ለብቻቸው ጠርቼ ልነግራቸው ነበር። ስደርስ ግቢው ጢም ብሏል። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ የመኪናዋን ግንባር ቅቤ ቀቡ፣ ሁላችንም አሜን አልን። ጋሽ ቶሎሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው መሪውን ያዙና በመስኮት ማን ይቁምልኝ አሉ። ሰዉ ሳቀ። ባለቤታቸው እማማ አያንቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ ሄደው የአጥሩን ግንብ ተደግፈው ቆሙ። በሙሉ ልባቸው ነው የቆሙት፣ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት።

መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር በመሃል ገባሁ። ኮፈኑን በሁለት እጄ መታሁት። “ይቺ መኪና ራሷ አትቆምም! ትጮኻለች እንጂ አትቆምም!”

ጋሽ ቶሎሳ እንዴት እንዳቆሟት አላውቅም፣ ብቻ አቆሟት። ነርሷ ልጃቸው ጫልቱ መጣችና ሻጯ አንቺ አይደለሽ፣ ዋሽተሽ ነው የሸጥሽለት አለችኝ። የሰበታ እንግዶች ሁሉ እኔን ያያሉ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

“እሳቸውስ? እግራቸው መደንዘዙን ደብቀዋችሁ አይደል የገዙት? ፍሬን መርገጣቸውን እንኳ አያውቁትም!”

ጫልቱ የመኪናዋን በር ከፈተች። በአማቶቻቸው ፊት ተንበርክካ የቀኝ ጫማቸውን አወለቀች። ካልሲው ከቁስል ጋር ተጣብቋል፤ ምስማር ወግቷቸው ስንት ቀን እንደሄዱበት እሳቸውም አያውቁ። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ቶሎሳ ግን እግራቸውን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

ቁልፉን ወንድ ልጃቸው ወሰደው።

ሰኞ

ጫልቱ ሆስፒታል ሆና ደወለች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አመሰገነችኝ። ትንሽ ቀን ቢቆይ እግሩ ይቆረጥ ነበር ብለዋታል ሐኪሞቹ። መኪናዋን አይመልሱም፤ ወንድሟ ይነዳታል፣ እሱ ደግሞ ደህና እግር አለው። ይህን ለፍሬው ስነግረው ትከሻዬን መታ አደረገና አንቺ እኮ ድመት ነሽ፣ ከየትም ብትወድቂ በእግርሽ ነው አለኝ። እኔም ለቅጽበት ልክ የሠራሁ መሰለኝ።

ጋሽ ቶሎሳን አገናኚኝ ብያት ነበር። ስልኩን ሰጠቻቸው። ይቅርታ ልል ስል ቀደሙኝ። ድምፃቸው ቁጣ እንኳ የለውም።

“የመኪናዋን ይቅር ብዬሻለሁ። ሻጭ ነሽ። የእግሬን ግን ለሻጭ አልነበረም የነገርኩሽ።”

ስልኩን ለጫልቱ መለሱላት። እሷ ምንም አልሰማችም፤ ይድናል ብለውናል አለችኝ። ተመስገን አልኳት፤ ከልቤ ነው። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩት።