አሥራ ሦስት የገባበት በረኛ

ብዕሩን የያዘችው ሃጀር ናት፣ የልጄ የጃፋር ሚስት። ቃሉ ግን የእኔ የወንድምህ የጣሃ ነው። ጃፋር ከወዲያኛው ክፍል ተኝቷልና በሹክሹክታ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ልታሳምረው ትፈልጋለች፤ እኔ እንደወረደ ጻፊው ብያታለሁ። ሻካራ ነገር ካጋጠመህ የእኔ ነው፤ የፊደሉ ውበት የእሷ ነው።

ለወንድሜ ለጀማነህ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያጎብጥህ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ዘምዘምስ እንዴት ናት? እህታችን ሱልጣናን ጉልበቷ ዳገቱን ያስወጣታል? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ሐይቁ ሞልቶ ሸንበቆውን ዋጠው ወይስ ዘንድሮም እንዳምናው ሸሸ? ጎረቤቱ፣ ጀመዓው፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እግሬ ይሄዳል፣ ዓይኔ ያያል፣ ጥርሴ ብቻ ነው እየተወኝ ያለው። ናፍቆታችሁን ግን ተወው፤ እሱን ሃጀር ልጻፈው ብትል ወረቀቱ አይበቃትም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የሐይቅ ቡድን ለዞኑ ውድድር ደሴ ወጥቶ ዘጠኝ ለባዶ መሸነፉን፣ በረኛውም ልጅህ ይማም መሆኑን ሰማሁ። በገበያ ሲያልፍ ሰዉ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ ዘጠኝ ይቆጥርበታል አልክ። አንተም አሰልጣኙ ተናድደህ ቡድኑን በተንክ፤ መረቡን ከቋሚው ፈትተህ ጎተራ ውስጥ ወረወርክ። ከዚያ በመጨረሻ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጻፍ አድርገህ፣ «ከይማም ጋር ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም» ብለህ ጨረስክ። ከደብዳቤህ ሁሉ እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ልቆጣህ ነው የተነሳሁት፤ ታላቅህ ነኝና መብቴ ነው። ነገር ግን አስቀድሜ አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። እሱን ካላወቅኸው ቁጣዬ አይገባህም።

በመጀመሪያ እዚህ ቤት እንዴት እንደምንኖር ልንገርህ። ጃፋር ሪከንባከር በሚባለው፣ ዕቃ የሚጭኑ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ቦታ የሌሊት ሺፍት ይሠራል፤ ቀን ይተኛል። ስለዚህ በዚህ አፓርትመንት ውስጥ ቀን ቀን ጫማ አይደረግም። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ነው የሚታየው። እኔም ሳል ሲመጣብኝ ትራስ አፌ ላይ እይዛለሁ። ሃጀር ክሊንተንቪል ውስጥ ሽማግሌ በሚጦርበት ቤት ትሠራለች። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ «ሃይ አባባ» ይሉኛል፤ ምን በላችሁ፣ ምን ተማራችሁ ስላቸው በእንግሊዝኛ መልሰውልኝ ይሮጣሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ጃፋርም ክፉ አይደለም። ሲነሳ ትከሻዬን ስሞ «ምን ጎደለህ አባባ?» ይለኛል፤ ምን እንደጎደለኝ አስቤ ሳልጨርስ የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ከሱብሒ እስከ መግሪብ ከአፌ አንድ ቃል ሳይወጣ ይውላል። ያኔ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ያህል መኪና ማቆሚያው ዳር ቆሜ የአንተን ስም እጠራለሁ። አሁን ሃጀር ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው፣ እውነት ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው አምና፣ ይህ አገር በሚሞቅበት ወራት፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሰውየውን ያየሁት። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጠይም፣ ጸጉሩ ከርዳዳ፣ ትከሻው ሰፊ። ያገለደመው ሽርጥ ነው! ጀማነህ፣ ሽርጥ! በአሜሪካ መንገድ ዳር፣ የባቲ ሰው ገበያ ውሎ እንደሚያርፈው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ መኪናው ሁሉ ጮኸብኝ። «አሰላሙ አለይኩም! ከባቲ ነህ ወይስ ከከሚሴ? የማን ልጅ ነህ?» እያልኩ ትከሻ ለትከሻ ተሳለምኩት። እሱም አልከለከለኝም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ እየሳቀ በማላውቀው ቋንቋ መለሰልኝ። አፋር ቢሆን ነው ብዬ በማውቃት የአፋር ቃል ደግሜ ጠየቅሁት፤ አልሆነም። ልብሱ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በቋንቋው ስናወራ ቆየን።

ለሃጀር የአገሬን ሰው አገኘሁ ብዬ ነገርኳት። በማግስቱ አብራኝ ሄዳ ስታየው ሳቋ አላስቆማት አለ። «አባባ፣ ይህ እኮ አብራኝ የምትሠራው ልጅ አባት ነው፤ አገሩ ከዓለም ማዶ ነው» አለችኝ። ሰው ሁሉ ቶሚ ይለዋል። የአገሩን ስም ደጋግማ ብትነግረኝም ምላሴ ላይ አልቀመጥ አለ። በትልቁ ውቅያኖስ መሃል ያለች ደሴት ናት። የእኛ ሐይቅ መሬት የከበበው ውሃ ነው፤ የእሱ አገር ውሃ የከበበው መሬት ነው። በእግር ቢሄዱባት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጠዋት ታልቃለች አሉ። ሽርጡም ከጥንት የእነሱው ነው ይላሉ። ከእኛ ሳይወስዱት አይቀሩም እላለሁ እኔ።

ከዚያ ወዲህ ጃፋር ሲተኛ እኔ ወደ አግዳሚው እወጣለሁ። ሲበርድ ውስጥ እንገባለን፤ የማድረቂያው ማሽን ያሞቃል። ቶሚም እንደ እኔ የልጁን እንቅልፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንድ ቀን እጁን አየሁት። ጣቶቹ ተጣመዋል፤ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ዞሯል። የእኔን ዘርግቼ አሳየሁት። ተያየን። ተነሳና በረኛ ግቡ መሃል እንደሚቆመው ክንዱን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቆመ። እኔም ከጎኑ ቆምኩ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሁለት ሽማግሌዎች አበዱ ብለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ በረኛ ሳለሁ፣ ታስታውሳለህ፣ ከደሴ የሚመጣ አጥቂ ስሜን ሲሰማ ኳሱን ወደ ውጭ ነበር የሚሰደው። አንተ ያኔ ኳስ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ዋኝተህ የምታመጣ ነበርክ። ዛሬ አሰልጣኝ ሆነህ ቡድን በታኝ ሆንክ።

ቶሚ ግን እንደ እኔ የሰፈር በረኛ አልነበረም። አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላ አገር ጋር ስትጫወት ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነው። ይህን የነገረኝ በጣቱ ነው። አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ ሦስት ጨመረ፣ ወደ ደረቱ አመለከተ። እኔ የልጆቹን ቁጥር መሰለኝ። «አሥራ ሦስት! ማሻአላህ!» ብዬ እጄን ዘርግቼ፣ ያሳድግልህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ እንደ ሐይቁ ዓሣ ያብዛልህ እያልኩ ረጅም ዱዓ አደረግሁለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ተቀበለኝ። ሃጀርና የቶሚ ልጅ መጥተው ሲያስተረጉሙልን ጎል ሆኖ ተገኘ። አሥራ ሦስት ለባዶ! ያብዛልህ ያልኩት ጎሉን ነበር። ቶሚ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ብዙ ሰው ለዚያ ጨዋታ ረግሞኛል፤ የመረቀኝ ግን አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ ደሴቶች በየጥቂት ዓመቱ ተሰብስበው ይጫወታሉ። የእሱ አገር ዓሣ አጥማጁን፣ አስተማሪውን፣ አናጢውን ሰብስባ ቡድን ብላ በመርከብ ላከች። ግማሾቹ መንገዱን ሁሉ ሲያስታውካቸው ነበር። የራሳቸው ሜዳ የባሕር ዳር አሸዋ ስለሆነ ሣር ላይ ሲሮጡ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ አሥራ ሦስት ለባዶ። ሁለተኛው ዘጠኝ ለባዶ፤ አዎ ጀማነህ፣ ያንተው ዘጠኝ። ሦስተኛው አሥራ ስድስት ለባዶ። «ዳኛው ራሱ አዝኖልን ፊሽካውን ቶሎ ነፋ» ይላል ቶሚ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ከመርከቡ መውረድ ፈራ። ደሴቷ ትንሽ ናት፣ መደበቂያ የላትም፤ ወሬው በራዲዮ ቀድሞታል። ወደቡ በሰው ሞልቷል። ጓደኞቹ ሲወርዱ እሱ ከገመድ ክምር ኋላ ተቀመጠ። አባቱ ወደ መርከቡ ወጣ። በእነሱ አገር አባት ለልጁ ዕቃ አይሸከምም፤ ነውር ነው፣ እንደ እኛው። ይህ አባት ግን የልጁን ሻንጣ ትከሻው ላይ አደረገ። የበረኛውን ሹራብ ከላዩ ዘረጋ፣ ቁጥሩ ለሰው እንዲታይ። ከዚያ ልጁን አስከትሎ በመንደሩ መሃል ሄደ። ሊስቅ የመጣ ሁሉ አፉን ያዘ። ቤት ሲገቡ አባቱ አጠገቡ አስቀምጦት «በል ከመጀመሪያዎቹ ከአሥራ ሦስቱ ጀምረህ ንገረኝ፤ እንዴት እንዴት እንደገቡ» አለው። ቶሚ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ነገረው። አባትየው ኳስ አያውቅም ነበር አሉ፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማው።

በሚቀጥለው ውድድር ሰባት ገባበት፤ ከዚያ አምስት። እሱ ግን ከግቡ አልተነሳም፣ ማንም ተነስ አላለውም። ከዚያ በኋላ ባለው ውድድር፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ አንድ ገባበት፤ አገሩም አንድ አገባች። በታሪኳ የመጀመሪያ ጎል። ተጠባባቂው፣ አሰልጣኙ፣ ሊያይ የመጣው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ሲጨፍር ተጋጣሚዎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጠበቋቸው። አንድ ለአንድ ተለያዩ። ቶሚ ይህን ሲናገር ከግራ እጁ አንድ ጣት፣ ከቀኝ እጁ አንድ ጣት አውጥቶ ጎን ለጎን ይይዛቸዋል። ስንለያይ ሰላምታችን እሱ ሆነ። አንድ ለአንድ።

ባለፈው ወር ልጁ ሥራ አግኝታ ባሕር ወዳለበት ጠረፍ ይዛው ሄደች። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ጃፋር ተኝቶ ስለነበር በሹክሹክታ ተሰነባበትን፤ ቋንቋ የሌለን ሰዎች ስንንሾካሾክ ብታየን ትስቅ ነበር። ያንተ ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ደርሶ ሃጀር ስለ ይማም ነግራው ነበር። በጨርቅ የጠቀለለውን ሹራብ እጄ ላይ አስቀመጠ። ጀርባው ላይ ቁጥር አንድ አለበት፤ አረንጓዴው ገርጥቷል፣ ብብቱ ተተርትሯል። መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ ሁለቱን ጣቶቹን አሳየኝ። እኔም አሳየሁት። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ጣቶቼን ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን አግዳሚው ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ማሽኑ የሰው ልብስ ያዞራል፣ እኔ አያለሁ። ሽርጥ ያገለደመ ሰው አልመጣም። ሹራቡን ትራሴ ሥር አድርጌው ሰነበትኩ። ልልከውም አልፈለግሁም ነበር፤ በዚህ አገር የእኔ ብዬ የያዝኩት እሱን ብቻ ነውና።

እንግዲህ ቁጣዬን ስማ። ዘጠኝ ገባ። ገባ! የገባ ኳስ ገብቷል። በቋንቋህ የሚያናግርህ፣ ካንተ ጋር ከአንድ ገበታ የሚበላ ልጅ አጠገብህ ተቀምጦ ዝም ትለዋለህ? ዝም ያለ ቤት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቀኝ። የእኔን ቤት ዝም ያሰኘው ሥራ ነው፤ ማንም አልበደለም። ያንተን ግን በገዛ እጅህ ነው የሠራኸው።

ሹራቡን እትዬ አፀደ የምትባል የደሴ ሴት ይዛልህ ትመጣለች። መረቡን አይጥ ሳይበላው ከጎተራ አውጣ። በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ መረቡን ተሸከም፤ ሹራቡን ከላዩ ዘርጋ፣ ቁጥሩ ይታይ። ይማም ባዶ እጁን ይከተልህ። እስከ ሜዳው ከፊት ከፊቱ ሂድ። የሚቆጥር ካለ ይቁጠር፤ አንተም ጮክ ብለህ አብረህ ቁጠርለት፤ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል። ቤት ስትገቡ «ዘጠኙን ንገረኝ» በለው። ወገቤን ያመኛል እንዳትለኝ። እዚያ ብሆን እኔ ነበርኩ የምሸከምለት።

ለዘምዘም ሰላም በልልኝ፤ በዚህ ነገር ከእኔ ጋር እንደምትሆን አውቃለሁ። ለሱልጣና፣ ጉልበቷን በሰሊጥ ዘይት ታሽ፣ ዳገቱንም ትተው። ሴቶች ልጆችህን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ለጎረቤቶቻችን፣ ለመስጊዱ ሽማግሎች ሁሉ ጣሃ በዱዓችሁ አትርሱኝ ይላል በል። ይማምን በአንተ በኩል ሰላም አልለውም፤ ይህን ደብዳቤ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። ይማም፣ ከግቡ ብዙ አትራቅ፤ ከዘጠኙ ግማሹ በአናትህ ላይ አልፎ እንደገባ ሳላይ አውቃለሁ።

ወንድምህ ጣሃ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ነሐሴ 1989 ዓ.ም.

በይ ሃጀር፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። የመኝታ ቤቱንም በር ክፈቺው፤ ጃፋር ይስማ።